አስታማሚ፦ የደም ነቀርሳ ሕክምና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባልና ሚስት ዘንድ

መግቢያ

በአገራችን የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉና መድኀኒቱ ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መግባታቸው፣ ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው ሆስፒታል መቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የሕክምና ፋኩልቲ መከፈቱ በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። አራተኛው ግን፣ ይኸውም በበሽተኛው ራስጌ ተቀምጦ የሚያድረው ሰው፣ በታሪክ ውስጥ ስም የለውም። የሆስፒታል ካርድ እንኳ «ተጠሪ» በሚል አንድ መስመር ላይ ስሙን ይጽፍና ያልፈዋል።

የዚህ አጭር ጥናት አሳብ የሚከተለው ነው። የደም ነቀርሳ በመድኀኒት የሚታከምበት ዘዴ፣ ዛሬ ሕዝቡ «ኬሞ» የሚለው፣ ከውጭ አገር ሲመጣ መድኀኒቱ መጣ እንጂ በመድኀኒቱ ዙሪያ የሚያስፈልገው ድጋፍ ሁሉ አብሮ አልመጣም። የጎደለውን የሞላው አስታማሚው፣ ይልቁንም የበሽተኛው ባል ወይም ሚስት ነው። ስለዚህ የአስታማሚውን ሥራ የማይናገር የኬሞ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ለጥናቱ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከሩቅ አገር የመጣ በሽተኛ ከአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ያርፋል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪም ቤቱ ቅርብ ነው። የእነዚህ ከተሞች ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ለማደር እንዳይጠይቅ ቅርብ ነው፤ በሌሊት ትኩሳት ቢነሣ ደግሞ ሩቅ ነው። ጸሐፊው በሦስቱ ከተሞች የትዳር ጓደኞቻቸውን ያስታመሙ ሰዎችን አነጋግሯል፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁ አልተጠቀሰም።

ስለ ስሙና ስለ ቀድሞው ልማድ

«አስታማሚ» የሚለው ቃል «ታመመ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በቋንቋችን የሚያስታምመው ሰው ስሙን ያገኘው ከሐኪም ወይም ከመድኀኒት ሳይሆን ከራሱ ከሕመሙ ነው። በእርግጥም የሚያስታምም ሰው ከሕመሙ ድርሻ አለው።

የቀድሞውን ልማድ ለማየት ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ምሳሌ የእቴጌ ጣይቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ታመው በተኙባቸው ዓመታት እቴጌይቱ ባለቤታቸውን እያስታመሙ የመንግሥቱንም ሥራ ይመሩ ነበር። መኳንንቱ ይህን ስላልወደዱት በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው። ከማስታመም ግን አላስወገዷቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአጠገባቸው ቆዩ፤ ከዚያም ወደ እንጦጦ ወጥተው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እቴጌይቱ የፖለቲካ ሥራ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ አስታማሚነታቸው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ሥልጣን ሲሄድ የሚቀረው ይህ ሥራ የታሪክ ነገር ሆኖ አለመታየቱ ከዚህ ይታወቃል።

በዚያ ዘመን ማስታመም ማለት መመገብ፣ ማጠብ፣ ጠያቂ መቀበልና ጠበል ማድረስ ነበር። በሽታው ምን እንደ ሆነ ባይታወቅም የአስታማሚው ሥራ የታወቀ ነበር። ኬሞ የለወጠው ይህንን ነው።

ነቀርሳ የሚለውም ስም የራሱ ታሪክ አለው። ሳንባን የሚይዘው ተላላፊ በሽታ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ስለ ኖረ፣ ነቀርሳ የተባለ ሁሉ የሚተላለፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር። የደም ነቀርሳ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሖና የኤዲንብራው ሐኪም ጆን ሂውዝ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታውን ለየብቻቸው ገልጸው ጻፉ፤ ፊርሖም ጥቂት ቆይቶ «ነጭ ደም» የሚል ትርጉም ያለውን ሉኬሚያ የሚለውን የግሪክኛ ስም አወጣለት። መቅኔው የማይረቡ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ ስለሚያመርት ጤነኛው ደም ይጎድላል። ከዚህም የተነሣ ድካም፣ ትኩሳትና የድድ መድማት ይታያል። እነዚህ ምልክቶች የወባን፣ የታይፎይድንና የተራ ደም ማነስን ምልክት ስለሚመስሉ በሽታው ሳይታወቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

መርዝ መድኀኒት ስለ መሆኑ

የኬሞ መነሻ ከኢትዮጵያ መከራ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ከተማሪዎች መካከል የሚያውቅ ብዙ አይመስለንም። የኢጣሊያ ጦር ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ግንባር በወገኖቻችን ላይ ያዘነበው መርዝ ይፔሪት ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 በጦርነት መጀመሪያ ከተጣለባት ኢፕር ከተባለች የቤልጅግ ከተማ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙት አቤቱታ ይህንኑ ከአውሮፕላን የሚረጭ መርዝ ጭምር የሚመለከት ነበር።

ይህ መርዝ ቆዳን ማቃጠሉ ለሁሉም የታወቀ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1919 ኤድዋርድና ሄለን ክሩምባር የተባሉ አሜሪካውያን በመርዙ የተጎዱ ወታደሮችን መርምረው ነጭ የደም ሕዋሳታቸው እጅግ ማነሱንና መቅኔያቸው መድረቁን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1942 በዬል ዩኒቨርሲቲ ልዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከይፔሪት ጋራ የሚዛመድ፣ በድኝ ፈንታ ናይትሮጅን የገባበት ንጥረ ነገር ለአንድ የዕጢ ነቀርሳ በሽተኛ ሰጡ። ዕጢው ለጊዜው ቀለጠ፤ ዳሩ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ አደገ። ነገሩ የጦርነት ምስጢር ስለ ነበረ እስከ 1946 ድረስ አልታተመም። ዛሬም ለደምና ለዕጢ ነቀርሳ የሚሰጡት ሳይክሎፎስፋማይድና ክሎራምቡሲል የዚያ ንጥረ ነገር ዘሮች ናቸው።

በሌላ በኩል የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 የደም ነቀርሳ በያዛቸው ሕፃናት ላይ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኀኒት በሽታውን ለጊዜው ማስታገሱን አሳተመ። በ1960ዎቹ ከማዳጋስካር አበባ የወጣው ቪንክሪስቲን ተጨመረ። ቀስ በቀስ የሚሄደውን አንዱን የደም ነቀርሳ ዓይነት በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚገታው ኢማቲኒብ ደግሞ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ያለ ነገር አይደለም። አብዛኞቹ የኬሞ መድኀኒቶች የሚሠሩት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን በመግደል ነው። ነገር ግን የጠጉር፣ የአፍ፣ የአንጀትና የመቅኔ ሕዋሳትም በፍጥነት ስለሚባዙ አብረው ይመታሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ የሚያንሱት ብዙውን ጊዜ መድኀኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። እንግዲህ ብርቱ ሕመም ኖሮበት ተኝቶ የሚታከመውን ትተን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መድኀኒቱን ተቀብሎ የሚመለሰው በሽተኛ አደጋው የሚደርስበት ሐኪሙ ፊት ሳይሆን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከመድኀኒቱ ጠባይ የተነሣ ዘበኛው አስታማሚው እንዲሆን ግድ ሆነ።

ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ስለ መግባቱ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የነቀርሳ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጨረር ሕክምና ክፍል ተከፈተበት። ኢማቲኒብ ከተገኘ በኋላም ማክስ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅትና መድኀኒቱን የሚሠራው ኖቫርቲስ ባቋቋሙት የእርዳታ መንገድ በኩል ክኒኑ ለኢትዮጵያውያን በሽተኞች በነፃ ደረሰ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ያለ እርዳታው ዋጋው ከመካከለኛ ደመወዝተኛ ዐቅም በላይ ነው።

ከመድኀኒቱ እኩል የሚያስፈልገው ደም ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ1969 ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል ሲመራ ቆየ፤ በ2012 አገልግሎቱ ወደ መንግሥት ተዛወረ። በቀድሞው ሥርዓት ለበሽተኛው ደም የሚፈልግ ቤተ ሰብ በምትኩ ደም የሚሰጥ ሰው ማቅረብ ነበረበት። ከዝውውሩ በኋላ በጎ ፈቃደኛ ሰጪዎችን ማብዛት መመሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ ደምን የሚያረጋው ክፍል፣ ፕላትሌት የሚባለው፣ ከ5 ቀን ያህል በላይ ስለማይቆይ እጥረቱ በዋዛ የሚያልቅ አይደለም።

በአገራችን ይህ በሽታ በባልና በሚስት ላይ ያሳደረው ኀዘን ወደ ሥራ የተለወጠበት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ነቀርሳ ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ማኅበሩ የተመሠረተው ከሐኪሞች ጉባኤ ሳይሆን ሁለት ወላጆች በሕፃን አልጋ አጠገብ ካዩት ነገር መሆኑ ለአሳባችን ምስክር ነው።

በሦስቱ ከተሞች የሚደረገው ማስታመም

አሁን ወደ ቤቶቹ እንግባ። የመጀመሪያው ነገር መንገድ ነው። የሰበታ ሰው በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ የቡራዩ ሰው በአስኮና በዊንጌት፣ የሱሉልታ ሰው በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ ይገባል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ለመድረስ በሌሊት መነሣት ያስፈልጋል። ሲሄዱ በሽተኛው መቀመጫ ማግኘት አለበት፤ ሲመለሱ ደግሞ ያቅለሸልሸዋል። በሰበታ ያነጋገርኳቸው አንዲት ሚስት ከሁሉ የከበዳቸው የባላቸው ማስመለስ ሳይሆን በሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ሰካራም ነው ብለው መገመታቸው እንደ ነበረ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በመስኮት በኩል አስቀምጠው ነጠላቸውን ይጋርዱለት ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተሽከርካሪዎች ከልካቸው በግማሽ እንዲጭኑ በታዘዘ ጊዜ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ወረፋውም ወጪውም በረታ።

ሁለተኛው ደም ነው። አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ እንደ ገና ለመስጠት 3 ወር ያህል መቆየት አለበት፤ በሽተኛው ግን በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ይፈልጋል። ስለዚህ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የራሱ ደም አንድ ጊዜ ብቻ ይረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሰው መለመን ነው። በቡራዩ የሚኖሩ አንድ ሸማኔ ለባለቤታቸው ደም የሚሰጥ ሰው ከሸማኔ ጓደኞቻቸው፣ ከሰፈር ወጣቶችና ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር አሰባስበዋል። የእያንዳንዱን ስምና የሰጠበትን ቀን በልጃቸው ደብተር ላይ አጽፈው ይዘዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በእርሳቸው ቤት ተረት ብቻ አልነበረም። እኒሁ ሰው ቀን እያስታመሙ ሥራቸውን ወደ ሌሊት አዛውረው፣ አጥሚት ማፍላትንም በዚያው ጊዜ ተምረዋል። በልማዳችን ማስታመም የሴት ሥራ ተደርጎ ቢታይም በሽታው ይህን ልማድ በግድ ሲያፈርሰው ይታያል።

ሦስተኛው ወጥ ቤት ነው። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ በዚያ ለታመመ ሰው የሚወሰደው ስጦታም ትኩስ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ነው። ነጭ የደም ሕዋሱ ላነሰ ሰው ግን ያልፈላ ወተት አደጋ አለው፤ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ አትክልትም እንደዚሁ። ላሞች የሚያረቡ አንዲት የሱሉልታ ሴት ለባላቸው ወተቱን ሁሉ ሲያፈሉ አማታቸው ጉልበቱን አጠፋሽበት ብለው ተቆጥተዋቸው ነበር። ሴትዮዋም የሐኪሙን ቃል ለአማታቸው፣ የአማታቸውን ቅሬታ ለሐኪሙ፣ የጾሙንም ነገር ለነፍስ አባታቸው እያደረሱ በሦስት ወገን መካከል አስታራቂ ሆነው ከረሙ። የነፍስ አባታቸውም በሽተኛው እንዳይጾም ፈቅደዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጠያቂ ነው። የታመመን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ጠያቂን ከደጅ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ነገር ግን በእነዚያ በ7 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ጉንፋን የያዘው አንድ እንግዳ በሽተኛውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አስታማሚው ሕመምተኛውን ለማዳን ባህሉን መጣስ አለበት። የሱሉልታዋ ሴት በደጃፍ አግዳሚ ወንበር አኑረው ጠያቂውን ሁሉ በዚያ እያስቀመጡ ቡና ያጠጡ ነበር። ጠያቂው አልተመለሰም፤ ቤትም አልገባም።

ከዚህ ሌላ የሙቀት መለኪያ አለ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ይህን ማወቅ ለአንድ ዓመት የሕክምና ተማሪ ቀላል ትምህርት ነው፤ በሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሱሉልታ ብርድ መኪና ለሚፈልግ ሰው ግን ትምህርቱም ፈተናውም በአንድ ሌሊት ይመጣል።

ስለ ሕግና ስለ እድር

ሕጋችን ይህን ሥራ ፈጽሞ አላወቀውም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሲያደርግ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 49 ባልና ሚስት እኩል ሆነው የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሕጉ ግዴታውን ደንግጓል፤ ግዴታውን ለመፈጸም የሚወጣውን የሥራ ቀንና ገንዘብ ግን ማን እንደሚተካ አይናገርም።

እድርም እንደዚሁ ነው። ባብዛኛው የተቋቋመው ለቀብርና ለኀዘን ስለ ሆነ ገንዘቡ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። የቡራዩው ሸማኔ ይህን ሲያስረዱኝ፣ እድሩ ባለቤታቸው ቢሞቱ ድንኳን ይተክልላቸዋል፤ እንዳይሞቱ ግን የታክሲ ዋጋ አይሰጣቸውም አሉ። በእርግጥ የእድሩ አባላት ከደንቡ ውጭ በየግላቸው አዋጥተው ረድተዋቸዋል። ደንቡ ያልፈቀደውን ሰዎቹ አደረጉት። ደንቡ ቢለወጥ ግን የበለጠ በሆነ ነበር፤ ሰውየው በልመና እንዳይቆሙ ያደርግ ነበርና።

መደምደሚያ

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይባላል። አስታማሚነትም ከተደበቀ መፍትሔ አይገኝለትም። ከላይ እንደ ታየው በሽታው ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1845 ወዲህ ነው፤ መድኀኒቱ የተነሣው ለመግደል ከተሠራ መርዝ ነው፤ ወደ አገራችን የገባውም በሆስፒታልና በእርዳታ በኩል ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዙር መድኀኒቱ ተሰጥቶ ሐኪሙ እጁን ከታጠበ በኋላ የሚቀሩት ቀናት የባል ወይም የሚስት ናቸው። ካነጋገርኳቸው ሦስት ቤተ ሰቦች በሁለቱ በሽተኞቹ በሕይወት አሉ፤ የሰበታው ባል ግን ዐርፈዋል። ሚስታቸው ያደረጉት ማስታመም ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ በጥሩ አስታማሚ ሁሉም ይድናል ብሎ የሚያስብ ሰው የሞተበትን አስታማሚ ያለ ጥፋቱ ይኮንናልና።

የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ከዚህ ጉዳይ ድርሻ አለን። የአስታማሚው ታሪክ ማስረጃ በቤተ መዛግብት አይገኝም፤ የሚገኘው በየቤቱ ባሉ የመድኀኒት ደረሰኞች፣ በደም መስጫ ካርዶች፣ በእቁብ ደብተሮችና የትኩሳት ቁጥር በተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ላይ ነው። በሽተኛው ሲድን ደስታ፣ ሲሞትም ኀዘን እነዚህን ወረቀቶች ይጥላቸዋል። የሰበታዋ ሴት ባላቸው ካረፉ በኋላም የሁለት ዓመት ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ አኑረው ቆይተው፣ ለምን እንዳኖሩት ስጠይቃቸው የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ ነው አሉ። በሌሎች ቤቶችም እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ይኖራል፤ ሄዶ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።